ከቀለሙ በፊት ጣራው



የዕድራችሁ ሰብሳቢዎች ስለ ቤት እድሳት እንድናገር ሲጋብዙኝ ከልብ ደስ ብሎኛል። በከተማችን በአዲስ አበባ ስለ ቤት የማይወራበት ቀን የለም። ስለ ቦታ ዋጋ ይወራል፣ ስለ ዕጣ ይወራል፣ ስለ ሊዝና ስለ ባንክ ብድር ይወራል። ዛሬ የምናድርበትን ቤት በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ቀን ሥራ እንዴት እናሻሽለው የሚለው ግን ብዙም አይነሳም። እኔ የመጣሁት ስለዚህ ልናገር ነው፤ ስለ ጭቃ ቤቱ፣ ስለ ብሎኬት ቤቱ፣ ስለ ኮንዶሚኒየሙ።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በግንባታ ሥራ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ያየሁት፣ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ አስቀድሞ የሚያወጣው በዓይን በሚታየው ነገር ላይ መሆኑን ነው። ሳሎኑ ጂፕሰም ይሠራለታል፣ ግድግዳው ቀለም ይቀባል፣ ወለሉ ሴራሚክ ይነጠፋል። ጣራው ግን ያው ነው። አሸንዳው ያው ነው። ምጣዱ የተሰካበት ሽቦም ያው ነው። ክረምቱ ሲገባ ጂፕሰሙ ላይ ቡናማ ክብ ይወጣል፣ ቀለሙ ከግርጌ ጀምሮ ይላጣል፣ የወጣው ገንዘብ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የምለው ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ነው። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ጭስና እሳት፣ ከዚያ ሙቀትና ብርሃን፤ ጌጥ በመጨረሻ ይምጣ።

ከውሃ ልጀምር፤ ረዘም አድርጌ ብናገርም ታገሡኝ፤ የአዲስ አበባን ቤት ከምንም በላይ የሚጎዳው ውሃ ነውና።

በዓመት በከተማችን የሚዘንበው ዝናብ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከግማሽ የሚበልጠው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ ሲያርፍ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። እንግዲህ 50 ካሬ ሜትር ጣራ ያለው መለስተኛ ቤት በዓመት 60,000 ሊትር ያህል ውሃ ያወርዳል ማለት ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን ስናሰላው 3,000 ጀሪካን ይመጣል። አሸንዳ የሌለው ቤት ይህን ሁሉ ውሃ የሚያፈሰው በገዛ መሠረቱ ሥር ነው።

የቀደሙት ግንበኞች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። እንደ ቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት ያሉትን፣ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቆሙትን የአራዳ ቤቶች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት አላቸው፤ በረንዳ አላቸው፤ ጣራቸው ከግድግዳው ርቆ ይወጣል። በረንዳው ለማዕረግና ለወግ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ግድግዳውን ከዝናብ የሚጠብቅ ነው። በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ቤቶች ከድንጋዩ በላይ ያለው ግድግዳ እንጨትና ጭቃ ነው። ያ ጭቃ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ስለማይረጥብ ነው። ጭቃ እንደ ሲሚንቶ አይጠነክርም፤ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ግን አይሞትም። ዛሬ ግማሽ ቆርቆሮ ለመቆጠብ ሲባል ጣራው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ብቻ ወጥቶ ይቆረጣል፤ ከዚያ በየዓመቱ ግድግዳ ይመረጋል። ለጭቃ ግድግዳ ጣራው ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ወጣ ማለት አለበት። አሁን ያለው ጣራ አጭር ከሆነ ቤቱን ማፍረስ አያስፈልግም፤ ነፋስ ዝናቡን በሚገፋበት በኩል ብቻ ጥቂት እንጨትና ጥቂት ቆርቆሮ ቀጥሎ ማስረዘም ይቻላል።

ቆርቆሮው ራሱስ? አብዛኛው የጣራ ፍሳሽ የሚመጣው ከቆርቆሮው እርጅና ሳይሆን ከምስማሩ ነው። ምስማር የሚመታው በቆርቆሮው ሞገድ አናት ላይ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ውስጥ አይደለም። አናቱ ላይ የተመታ ምስማር ቢላላ እንኳ ውሃው በጎኑ አልፎ ይሄዳል፤ ቦዩ ውስጥ የተመታ ግን ሲላላ ለውሃ በር ይሆናል። የምስማሩ ጎማ በፀሐይ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጎማውን ለመለወጥና የላላውን ምስማር አጠገቡ ባለው ጤነኛ እንጨት ላይ እንደገና ለመምታት የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃል። አዲስ ቆርቆሮ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የጌጁን ቁጥር ጠይቁ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል፤ 28 ጌጅ ከ32 ጌጅ ይወፍራል ማለት ነው። በዋጋው ብቻ ሄዳችሁ ስሱን ብትገዙ ልዩነቱን ከጥቂት ክረምት በኋላ ዝገቱ ይነግራችኋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ላንሳ። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ማለዳ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ከጣራ ላይ ጠብታ የሚወርድባቸው ቤቶች አሉ። የቤቱ ባለቤት ቆርቆሮው ቀዳዳ ያለው መስሎት ሬንጅ ይቀባዋል። ያ ጠብታ ዝናብ አይደለም። ሌሊት የቤተሰቡ ትንፋሽና የማብሰያው እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ወደ ውሃነት ይለወጣል። መድኃኒቱ ሬንጅ ሳይሆን ኮርኒስ መሥራትና በጣራውና በኮርኒሱ መካከል አየር የሚዘዋወርበትን ቀዳዳ መተው ነው። ቀዳዳው አይጥና ወፍ እንዳያስገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን።

ከጣራው ወደ አሸንዳው እንውረድ። አሸንዳ ዝቅ ማለት ያለበት ወደ መውረጃው ነው፤ በየ2 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ ይበቃዋል። ቀጥ ብሎ የተሰቀለ አሸንዳ ውሃ ያቁራል፣ ቅጠልና ደለል ይሰበስባል፣ ይዝጋል። ባሕር ዛፍ ወይም ግራር አጠገቡ ያለ ቤት አሸንዳውን በግንቦት አንድ ጊዜ፣ በነሐሴ አንድ ጊዜ ይጥረግ። መውረጃው ቱቦ የሚጨርሰው ደግሞ ግድግዳው ሥር መሆን የለበትም። በቱቦ ወይም በሲሚንቶ ቦይ ቢያንስ 1 ሜትር ከቤቱ ይራቅ፤ ከተቻለም በርሜል ወይም ሮቶ ውስጥ ይግባ። በተራ ውሃ በሚለቀቅበት ሰፈር ይህ ውሃ ልብስ ያጥባል፣ ሽንት ቤት ያጸዳል፣ ጓሮ ያጠጣል። ለመጠጥ ግን አታውሉት።

ከዚያ በኋላ መሬቱን እዩ። በቤቱ ዙሪያ ያለው የመጀመሪያው 1 ሜትር መሬት ወደ ውጭ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ማዘቅዘቅ አለበት። በብዙ ግቢ የማየው የዚህ ተቃራኒ ነው። መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍበት ከፍ ይላል፤ ግቢው ባለበት ይቀራል። ቀድሞ ወደ መንገድ ይወጣ የነበረው ጎርፍ አሁን ከመንገድ ወደ ግቢ ይገባል። ለዚህ በሩ ላይ ከፍ ያለ ደፍ መሥራትና በአጥሩ ሥር ውሃ ተቀብሎ የሚያሳልፍ ቦይ መቆፈር ያስፈልጋል። ቦዩን ጎረቤት ላይ መድፋት ግን ችግሩን ማዛወር እንጂ መፍታት አይደለም፤ ከላይኛው ግቢ እስከ ታችኛው ተነጋግሮ በአንድ መስመር መቆፈር ይሻላል።

የጣራ ጠብታ መሬት ላይ ሲያርፍ ተፈናጥሮ ግድግዳውን እስከ ጉልበት ድረስ ይመታል። ከግርጌ የሚላጠው ቀለም፣ የሚረግፈው ምርጊት፣ የሚበሰብሰው ማገር ሁሉ ከዚህ ይነሳል። ጠብታው በሚያርፍበት መስመር ላይ ጠጠር ብታፈሱ መፈናጠሩ በእጅጉ ይቀንሳል። ጥቂት ጋሪ ጠጠር ማለት ነው፤ ከዚህ ርካሽ የቤት እድሳት አላውቅም።

ስለ ጭቃ ግድግዳ አንድ ነገር ጨምሬ ውሃን እተዋለሁ። ጭቃ ቤትን በሲሚንቶ መለሰን ዘመናዊነት ተደርጎ ይታያል። ሲሚንቶ ግን ከጭቃ ጋር አይስማማም። ጭቃው እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሲሚንቶው ግን አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃም መውጫ ያጣል። ከላይ ደኅና የሚመስለው ግድግዳ ከውስጥ እንጨቱ እየበሰበሰ ይሄዳል። ለጭቃ የሚስማማው ጭቃ ነው፤ ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ለቀናት ከርሞ፣ በእግር ታሽቶ፣ መጀመሪያ በወፍራሙ ቀጥሎ በቀጭኑ የተመረገ። ከላዩ ኖራ ቢቀባ እርጥበቱን ያስተነፍሰዋል፣ ቤቱንም ያበራዋል። የሥራው ጊዜ ደግሞ ጤፍ ከተወቃ በኋላ ነው፤ በጥር አካባቢ ጭዱ ይገኛል፣ ፀሐዩም ይመቻል።

ቀለምም ጊዜ አለው። ለእንቁጣጣሽ ቤት ማስቀባት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ደስ የሚል ልማድም ነው። ነገር ግን በጳጉሜን ግድግዳው የክረምቱን ውሃ ገና በሆዱ ይዟል። በእርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም፣ በተለይ የዘይት ቀለም፣ ያኮርፋል፣ ይነፋል፣ ይላጣል። ለበዓሉ ግቢውን አጽዱ፣ በርና መስኮቱን እጠቡ፣ ውስጡን ኖራ አስነኩት፤ ዋናውን ቀለም ግን ለታኅሣሥ አቆዩት። ለገና ብታደርሱት ያው በዓል ነው፤ ቀለሙም ብዙ ዓመት ይቆይላችኋል።

አሁን ወደ ጭስና ወደ እሳት ልሂድ። እዚህ ላይ የማወራው ስለ ምቾት አይደለም፣ ስለ ነፍስ ነው።

ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በብርዱ ወራት የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ማታ የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት የሚያስገባ ሰው አለ። ከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም፣ ዓይን አይቆጠቁጥም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ የተኛ ሰው እንደተኛ ይቀራል። በየዓመቱ በዚህ መንገድ ቤተሰብ የሚያልቅበትን ዜና እንሰማለን። በዚህ ላይ መሐል መንገድ የለም፤ የተቀጣጠለ ከሰል ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ አይደር። ቡና የሚፈላበት ሳሎንም ቢሆን ቡናው እስኪያልቅ መስኮቱ ይከፈት። ለብርዱ የሚሻለው የበሩን ሥር በጎማ ወይም በጨርቅ መድፈን፣ የተሰነጠቀውን መስታወት መለወጥና ኮርኒስ ማሠራት ነው፤ አየር የሚገባበት አንድ ከፍ ያለ ቀዳዳ ግን ሳይደፈን ይቅር።

በእንጨት የሚጋገርበት ማድ ቤት ደግሞ ሁለት ትይዩ ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ከታች አየር የሚገባበት፣ ሌላው ከላይ ጭሱ የሚወጣበት። ሦስት ጉልቻን ትቶ ከሲሚንቶና ከፑሚስ በሚሠራው ምርጥ ምድጃ መጋገር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፣ ጭሱንም ያቀላል። ዓይናቸው በጭስ የተጎዳ እናቶች በመካከላችን አሉ። ለሳሎኑ ሁለተኛ ቴሌቪዥን ከመግዛታችን በፊት ለማድ ቤቱ ጭስ ማውጫ እንሥራ።

ኤሌክትሪክስ? የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይወስዳል ማለት ነው። ይህን ለብርሃን በተዘረጋ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ መስካት ሽቦውን ራሱን ምድጃ ማድረግ ነው። በአሮጌ ቤቶች ሽቦው የሚያልፈው ከኮርኒሱ በላይ፣ በደረቀ እንጨትና በማዳበሪያ ጆንያ መካከል ነው። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ እዚያ ሲግል ማንም አያየውም። ለምጣድ ከቆጣሪው አጠገብ የሚነሳ የራሱ መስመር፣ ቢያንስ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የምድር መስመር ይዘርጋለት። ይህን የሚሠራው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ነው። እናንተ ግን ዛሬውኑ ማየት የምትችሉት ምልክት አለ። ምጣዱ ሥራውን ጨርሶ ሲነቀል የሶኬቱን ፊት በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ከጋለ፣ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ እስኪሠራ ድረስ በዚያ ሶኬት አትጋግሩ። ፊውዝ ሲቃጠል በወፍራም ሽቦ ጠቅልሎ የሚመልስ ባለሙያ ቢመጣባችሁ ደግሞ አመስግናችሁ አሰናብቱት።

ሙቀትና ብርሃንን በአጭሩ ልጨርስ። የቆርቆሮ ጣራ ቀን ያግላል፣ ሌሊት ያበርዳል፤ ኮርኒስ ሁለቱንም ያለዝባል። ከማዳበሪያ ጆንያ የተሠራ ኮርኒስ ከምንም ይሻላል፤ ሆኖም ፕላስቲክ ስለሆነ እሳት ሲነካው እየቀለጠ ይወርዳል። ችፑድ ወይም በትክክል የተወጠረ አቡጀዲ ይመረጣል። በቀንም መብራት ለሚበራበት ማድ ቤት ወይም ኮሪደር ከጣራው ላይ አንዱን ቆርቆሮ አንስቶ ብርሃን በሚያሳልፍ ፋይበር መተካት የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ኮርኒሱ ነጭ ቢሆን፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳም ደመቅ ያለ ቀለም ቢያገኝ ጠባቡ ክፍል ሰፋ ብሎ ይታያል።

ጠባብ ቤትን ስለማስፋት የሚያስተምረን ከሐረር የተሻለ የለም። በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው የሐረሪ ቤት ብዙ የቤት ዕቃ አይፈልግም። መቀመጫው ከፍና ዝቅ ብሎ የተገነባ መደብ ነው፤ መደርደሪያው ግድግዳው ውስጥ የተፈለፈለ ጉድጓድ ነው። መጽሐፉም፣ ስኒውም፣ ሣጥኑም ቦታ ቦታ አለው፤ የክፍሉ መሐል ለሰው ይቀራል። እኛ ግን በ12 ካሬ ሜትር ሳሎን ውስጥ ግዙፍ ሶፋና ቡፌ አስገብተን እንግዳ ሲመጣ መተላለፊያ እናጣለን። በግድግዳው ጥግ የሚሠራ መደብ፣ ከሥሩ ልብስና ብርድ ልብስ የሚይዝ፣ በማንኛውም አናጺ እጅ ሊወጣ የሚችል ሥራ ነው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምትኖሩ ጥቂት ቃል አለኝ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ ሳይጨረሱ ነው ለዕድለኛው የተሰጡት፤ ስለዚህ ሁሉም በየራሱ ያድሳል። ሕንፃውን የሚሸከሙት ዓምዱና አግዳሚው ኮንክሪት ናቸው። እነሱን ለቧንቧ ወይም ለሽቦ ብሎ መቦርቦር የራስን ብቻ ሳይሆን ከላይና ከታች ያለውን ጎረቤት ቤት ማቁሰል ነው። የብሎኬት ግድግዳም ቢሆን መሐንዲስ ሳያየው አይፍረስ። ከሁሉ ይልቅ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ልብ በሉ። ሴራሚክ በራሱ ውሃ አይከለክልም፤ ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ ልባስ መቀባት አለበት፤ ልባሱም ግድግዳው ላይ አንድ ክንድ ያህል ይውጣ። ይህ ባለመሠራቱ በታችኛው ቤት ኮርኒስ ላይ እርጥበት ወጥቶ የተጣሉ ጎረቤቶችን አውቃለሁ። ሮቶ ጣራ ላይ ወይም በረንዳ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ 1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን እንደሚመዝን አስቡ። በረንዳ ለዚያ አልተሠራም። ጣራው፣ ደረጃውና የውጭው ግድግዳ የጋራ ስለሆኑ በማኅበሩ በኩል ተስማምቶ መሥራት ሕጉም የሚፈልገው፣ ሰላምም የሚጠይቀው ነው።

በየትኛውም ቤት ውስጥ አዛውንት ካሉ እነሱን ቀድማችሁ አስቡ። ሽንት ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚታሰር አንድ የብረት መያዣ፣ በደረጃው ጫፍ ላይ ሻካራ የሲሚንቶ ልስን፣ ከመኝታ ቤት እስከ ሽንት ቤት ባለው መንገድ ላይ ሌሊት የሚበራ አንድ ትንሽ አምፖል፤ እነዚህ ሦስቱ እናታችንን ከመውደቅ ያድናሉ። በውጭ አገር የምትሠሩ ልጆች ለቤት እድሳት ገንዘብ ስትልኩም በስልክ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት ስለ ሶፋው ሳይሆን ስለ ጣራውና ስለዚህ መያዣ ይሁን።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ እንደምታነሱ አውቃለሁ፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። «ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ደግሞም ነገ ለልማት ይፈርሳል እየተባለ ለምን ገንዘብ አወጣበታለሁ?» የዚህ ጥያቄ ሥር ሩቅ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራያቸው ዝቅተኛ ሆኖ ቆየ፤ ለብዙ ድኃ ቤተሰብ መጠጊያ ሆነ። ነገር ግን ከዚያ ኪራይ ለጥገና የሚተርፍ አልነበረም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ማውጣት ፈራ። ቤቶቹ በሁለቱ መካከል አረጁ።

የእኔ መልስ ይህ ነው። ነገ የማይታወቅ ከሆነ ወጪውን ሁለት ቦታ ክፈሉት። አንዱ በአንድ ክረምት ውስጥ ዋጋውን የሚመልስ ይሁን፤ ጠጠር፣ ምስማር፣ አሸንዳ መጥረግ፣ ቦይ መቁፈር። ሌላው ስትነሱ ተነቅሎ አብሯችሁ የሚሄድ ይሁን፤ ሮቶ፣ የምጣድ ብሬከርና ሽቦ፣ ፋይበር ቆርቆሮ፣ ተነቃይ መደርደሪያ፣ የእጅ መያዣው። ሴራሚክና ጂፕሰም ተነቅለው አይሄዱም፤ ስለዚህ እነሱ ላይ አታውጡ። ቤቱ የማን እንደሆነ እስኪለይ ድረስ ሕፃን በእርጥብ ግድግዳ ሥር እንዲያድግ ማድረግ ግን ተገቢ አይደለም፤ የሕፃኑ ሳንባ የእናንተ ነው።

የግል ቤት ላላችሁ ስለ ዋጋ ልናገር። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሰው የሚሸጠው ቤቱንና በቦታው ላይ ያለውን መብት ነው። ስለዚህ ከማንኛውም እድሳት በፊት ካርታው የተስተካከለ፣ በላዩ ላይ ያለው ልክም መሬት ላይ ካለው ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። ያለ ፈቃድ የተቀጠለ ክፍል በሽያጭ ጊዜ ዋጋ ከመጨመር ይልቅ ጭቅጭቅ ያመጣል። ቀጥሎ ልምድ ያለው ገዥ ወይም ገማች የሚያየው የግድግዳውን ግርጌ፣ የኮርኒሱን ጥግ፣ የቆጣሪውን አካባቢና የውሃ ግፊቱን ነው። አዲስ ቀለም ግርጌው ላይ ብቻ ተቀብቶ ካየ የተደበቀ እርጥበት እንዳለ ይገምታል። ደረቅና ንጹሕ አሮጌ ግድግዳ ከዚያ የተሻለ ዋጋ ያወጣል።

ሰርቪስ ቤት ለምታከራዩ ደግሞ፣ የራሱ ሽንት ቤትና የራሱ ንዑስ ቆጣሪ ያለው አንድ ክፍል ከማይጠቅም ጌጥ ሁሉ የበለጠ ገቢ ያመጣል፤ በመብራት ሂሳብ የሚነሳውንም ክርክር ያስቀራል። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት ያነሰ አይሆንም፤ የኪራይ ጭማሪውም በመንግሥት ወሰን ይደረግበታል። ስለዚህ እድሳቱ ውል ከመፈረሙ በፊት ቢያልቅ ለአከራዩም ለተከራዩም ይበጃል።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ዕድራችሁ ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስት አለው፤ ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ይደርሳል። ይህ ኃይል ለቋሚውም ቢውል ምን ይከለክለዋል? ዕድሩ አንድ ረጅም መሰላል፣ ሁለት አካፋ፣ አንድ መዶሻና አንድ ካርቶን ባለ ጎማ የቆርቆሮ ምስማር ይግዛ። በየዓመቱ በግንቦት አንድ ቅዳሜ ይመደብ። በዚያ ቀን ወጣቶቹ ከአንድ አናጺ ጋር ሆነው ረዳት የሌላቸውን አዛውንትና ብቻቸውን ልጆች የሚያሳድጉ እናቶችን ቤት ይዙሩ፤ አሸንዳ ይጥረጉ፣ የላላ ምስማር ይምቱ፣ ቦይ ይክፈቱ። ማንም ሰው ዝናብ ሲዘንብ ጣራ ላይ አይውጣ፤ ከኤሌክትሪክ ገመድ አጠገብም መሰላል አይቁም። ይህን ዛሬ በቃለ ጉባኤ እንድታስይዙልኝና ቀኑንም እዚሁ እንድትቆርጡ እጠይቃለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ እኔም መዶሻዬን ይዤ እመጣለሁ።